የቆዳ ቀንድ በምላጭ አይቆረጥም፦ «ቀንድ ያበቀሉ ሰዎች» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ቀንድ ያበቀሉ ሰዎች» የሚል ርእስ የተሰጠው አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ የእኅቴ ልጅ ናት። «አጎቴ፣ ጎረቤታችን እማማ ጆሯቸው ጫፍ ላይ እንደዚህ ያለ ነገር በቅሎባቸዋል። ልጃቸው ይህን ካነበበ በኋላ ምላጭ ገዝቶ መጥቷል፤ ምን ልበለው?» ስትል ጠየቀችኝ። ለልጁ የሚባለውን በስልክ ነገርኋት። ነገር ግን ጽሑፉ የደረሰው ለእሱ ብቻ አለመሆኑን ሳስብ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልሁም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከሆስፒታሎች የሚላኩ የሥጋ ናሙናዎች በሚመረመሩበት የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ለ19 ዓመታት በቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ። ናሙናውን እንዳይበሰብስ ከሚቀመጥበት ፎርማሊን ከተባለው ፈሳሽ ማውጣት፣ በሰም ውስጥ መቅበር፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ አቅጥኖ መላጥ፣ ቀለም መንከርና ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እንዲያየው ማዘጋጀት ሥራዬ ነበር። ስለዚህ እነዚህን «ቀንዶች» በእጄ ይዣቸዋለሁ፣ ቆርጫቸዋለሁ፣ ከሥራቸው ምን እንደሚገኝም አይቻለሁ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። በሰው ላይ የሚበቅለው ቀንድ እንደ ከብት ቀንድ አጥንት ነው፤ በቤተሰብ ላይ የወረደ እርግማን ምልክት ነው፤ ከጥንቸል ሊተላለፍ ይችላል፤ የስልክ ብዛትም ወጣቶችን ቀንድ እያበቀለባቸው ነው። ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ ግን ለካንሰር አያሰጋንም፤ ስለማያምም በምላጭ ቆርጦ የቁልቋል ወተት መቀባት ይበቃል። በመጨረሻም በፓሪስ ስለኖረች አንዲት ባለቀንድ ሴት ይተርክና አንባቢውን አስደንግጦ ያበቃል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ ጥቂት እውነት አለበት፣ አንዳንዱ ፈጽሞ ስሕተት ነው፣ አንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። የጽሑፉን ቅደም ተከተል አልከተልም።

አጥንት ነው ከሚለው ልነሣ፤ ይህ ካልጠራ ሌላው አይገባንምና። የበሬ፣ የበግና የፍየል ቀንድ ከራስ ቅሉ ተያይዞ የወጣ አጥንት በውስጡ አለው። አጥንቱን እንደ ሰገባ የሸፈነው የውጭው ክፍል ኬራቲን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው። የቀንድ ዋንጫ ሲሠራ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ አጥንቱ ወልቆ ይጣልና ውስጡ ክፍት የሆነው ሰገባ ይቀራል። በሰው ቆዳ ላይ የሚበቅለው ግን ከጫፉ እስከ ሥሩ ኬራቲን ብቻ ነው። አጥንት የለውም፣ ከራስ ቅልም ጋር አይገናኝም። ከጥፍራችንና ከጠጉራችን ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከእንስሳት ቀንድ ጋር ካመሳሰልነውም ዘመዱ የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ እሱም ውስጡ አጥንት የለውምና።

አበቃቀሉ እንዲህ ነው። የላይኛው ቆዳችን ከታችኛው ንብርብሩ አዳዲስ ሴሎችን ሳያቋርጥ ይወልዳል። ሴሎቹ ወደ ላይ በተገፉ ቁጥር በኬራቲን እየተሞሉ ይጠነክራሉ፣ ይሞታሉ፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥም ረግፈው ይወድቃሉ። ገላችንን ስናሽ ከእድፉ ጋር ተጠቅልሎ የሚወጣው ይኸው የሞተ ቆዳ ነው። በአንድ ቦታ ያሉት ሴሎች ከልክ በላይ ሲባዙ ወይም የሞቱት መርገፍ ሲያቅታቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ይከመራል። ክምሩ እየደረቀና እየጠጠረ፣ አንዳንዴም እየጎበጠ ይወጣና የቀንድ መልክ ይይዛል። ሐኪሞች በላቲን «ኮርኑ ኩታኔዩም» ይሉታል፤ ትርጉሙ የቆዳ ቀንድ ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ የቅርጽ ስም ነው። አንድ ሰው «የቆዳ ቀንድ አለብኝ» ሲል በሽታውን ገና አልነገረንም። በሽታው ያለው ሴሎቹን ከልክ በላይ በሚያራባው ሥር ላይ ነው።

ያም ሥር ብዙ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ተራ የቆዳ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የሚመጣ፣ ሰቦሬይክ ኬራቶሲስ የሚባል ጉዳት የሌለው እብጠትም ይገኛል። ፀሐይ ለረጅም ዘመን ያቃጠለው፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አክቲኒክ ኬራቶሲስ ይባላል። ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ራሱም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ ሐኪሞች የታተመ ጥናት 643 የቆዳ ቀንዶችን በማይክሮስኮፕ መርምሮ ነበር። ከመቶ 61 የሚሆኑት ሥራቸው ጉዳት የሌለው ሆኖ ተገኘ። ከመቶ 39 የሚሆኑት ግን ሥራቸው ወይ ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚያመራ ነበር። ጥናቱ የእንግሊዝ ነውና ቁጥሩ እንዳለ ለእኛ ሀገር አይገለበጥም። ሆኖም ከአሥር አራት ገደማ የሚሆን ነገርን «ምንም አይደለም፣ ቆርጠህ ጣለው» ብሎ ለሕዝብ መምከር እንዴት ይቻላል?

አሁን ወደ ምላጩ እመጣለሁ። «ስለማያምም» ይላል ጽሑፉ። ቀንዱ አያምምም፤ የሞተ ቁስ ነው፤ ጥፍር ሲቆረጥ እንደማያምም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሥሩም ቢሆን፣ ካንሰር እንኳ ሆኖ፣ በመጀመሪያ ላይ አያምም። የሕመም አለመኖር የጤንነት ምስክር አይደለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ላቦራቶሪያችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ደረሰችኝ። ውስጧ የጣት አንጓ የምታህል፣ ቡናማ፣ ጠንካራ ቀንድ ነበረች። አብሯት የመጣው ወረቀት በስድሳዎቹ ዕድሜ ከሚገኙ የገጠር እናት የእጅ ጀርባ ላይ የተወሰደች መሆኗን ይናገራል። ቀድሞ ጎረቤት ሁለት ጊዜ በምላጭ ቆርጦላቸው ሁለቴም ተመልሳ በቅላ ነበር። የላከው ጤና ተቋምም ያደረገው ያንኑ ነው፤ ላዩን ብቻ ቆርጦ ላከልን። ሰም ውስጥ ቀብሬ፣ ልጬ፣ ቀለም ነክሬ ለላቦራቶሪያችን ሐኪም ሰጠኋት። በማይክሮስኮፑ ሥር የሚታየው ንብርብር ኬራቲን ብቻ ነበር፤ አንድም ሕያው ሴል የለም። ጥፍር ቆርጦ ልኮ የጣትን በሽታ እንደ መጠየቅ ነው። ሐኪሟ «የቀንዱ ሥር አልመጣም፤ ምርመራ ማድረግ አልተቻለም፤ ናሙናው ከነሥሩ ይላክልን» ብላ ጻፈች። መልሱ ሄደ። እኚያ እናት ግን አልተመለሱም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አዝመራውም ደርሶ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ሁለተኛ ናሙና መጣ። ይህ ከብብታቸው ሥር ካበጠው ንፍፊት የተወሰደ ነበር። ካንሰሩ ከእጃቸው ወጥቶ ወደ ብብታቸው ሄዷል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ሥሩን ይዛ ብትመጣ ኖሮ፣ በአንድ አጭር ቀዶ ሕክምና ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር ነው።

ስለዚህ ይህን ምክር የሰጠው ጸሐፊ ነገሩን በቀላሉ እንዳያየው እለምነዋለሁ። በምላጭ ሲቆረጥ ሦስት ነገር ይከተላል። ሥሩ ስለማይነሣ ተመልሶ ይበቅላል። መታየት የነበረበት ምልክት ስለሚጠፋ ሰው ድኛለሁ ብሎ ይዘናጋል። ምላጩ ንጹሕ ካልሆነ ወይም ሌላ ሰው የተጠቀመበት ከሆነ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ይዞ ሊገባ ይችላል።

የቁልቋል ወተት ነገርም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን ለኪንታሮት የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ሲቀቡ፣ ወይም በፈረስ ጭራ ሲያስሩ ኖረዋል። ይህን የማቃለል ሐሳብ የለኝም፤ ሌላ አማራጭ ባልነበረበት ዘመን ያገኙት ዘዴ ነው። ወተቱ ግን ቆዳን የሚያቃጥል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር የሚያደርስ ነው። ጆሮ፣ ግንባርና የዓይን ቆብ ደግሞ የቆዳ ቀንድ በብዛት የሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ሥሩ ካንሰር ከሆነ ላዩን ማቃጠል የውስጡን አይነካውም።

ትክክለኛው አሠራር አስቸጋሪ አይደለም። የቆዳ ሐኪም ወይም ቀዶ ሐኪም ቦታውን በመርፌ ያደነዝዛል፣ ቀንዱን ከነሥሩ፣ ከሥሩም ያለውን ቆዳ ጨምሮ ያነሣል፣ ናሙናውን ፎርማሊን ውስጥ ከትቶ ወደ ፓቶሎጂ ይልካል። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሥሩ ጉዳት የሌለው ሆኖ ከተገኘ ነገሩ እዚያው አለቀ። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ ሰፋ አድርጎ ያነሣዋል፤ በጊዜ የተደረሰበት ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይድናል።

የትኛው ያሰጋል? ሥሩ ከቁመቱ ይልቅ የሰፋ፣ ሥሩ ዙሪያ የቀላ ወይም የጠጠረ፣ የሚያምም፣ የሚደማ፣ በአጭር ጊዜ ያደገ ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለፀሐይ በተጋለጠ ቦታ ላይ የወጣባቸው፣ በወንድ ብልት ላይ የወጣባቸው፣ እንዲሁም የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የደከመ ሰዎች ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት አለባቸው። ይሁንና እነዚህ ምልክቶች ስለሌሉ ብቻ ደኅና ነው አይባልም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ጉዳት የለውም ብለው የላኩት በማይክሮስኮፕ ካንሰር ሆኖ ሲገኝ፣ ካንሰር ነው ብለው የፈሩትም ተራ ኪንታሮት ሆኖ ሲገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ አያሰጋንም» የሚለው ከእውነት ግማሹን ይዟል፤ ለዚህም ነው የበለጠ የሚያሳስተው። ሜላኒን የተባለው የቆዳችን ቀለም ከፀሐይ ጨረር ይጠብቀናል፤ በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው የቆዳ ካንሰር በእኛ ዘንድ ከነጮች ያነሰ ነው። ካንሰሩ ግን በሌላ በር ይገባል። ለዓመታት ሳይድን የኖረ የእግር ቁስል፣ የሥጋ ደዌ ትቶት የሄደው የውስጥ እግር ቁስል፣ በልጅነት ምድጃ ውስጥ በመውደቅ የተረፈ የቃጠሎ ጠባሳ፣ እነዚህ ሁሉ ከብዙ ዘመን በኋላ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሊያበቅሉ ይችላሉ። ሐኪሞች የማርጆሊን ቁስለት ይሉታል። በቃጠሎ ጠባሳ ላይ ጠንካራ ነገር ሲበቅል ያየ ሰው ምላጭ ፍለጋ መሄድ የለበትም። «ጥቁር ቆዳ አይነካም» የሚለው እምነት ራሱ ሰው ዘግይቶ እንዲመጣ ያደርጋል።

ጸሐፊው ፈጽሞ የዘነጋቸው ደግሞ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። እነርሱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ያ መከላከያ ቀለም ግን የላቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረርም ይበረታል፤ በየአንድ ሺህ ሜትሩ አሥር ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ከዚያም በላይ ባሉት ደጋዎቻችን ላይ ቀኑን ሙሉ ያለ ባርኔጣና ያለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚውል አልቢኒዝም ያለበት እረኛ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ያስጨንቃል። እነርሱ ዘንድ የቆዳ ካንሰር በወጣትነት ይመጣል። «ለእኛ አያሰጋም» ተብሎ የተጻፈውን ከእነርሱ አንዱ አንብቦ ፊቱ ላይ የወጣውን ነገር ቸል ቢል ኃላፊነቱ የማን ነው?

ስለ ፓሪሷ ሴት የተተረከው እውነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ማዳም ዲማንሽ የምትባል አሮጊት በፓሪስ ትኖር ነበር። በ76 ዓመቷ ከግንባሯ መብቀል የጀመረው ቀንድ በስድስት ዓመት ውስጥ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርሶ ከአገጯ በታች ወርዷል። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ታሪኩ እዚህ ላይ አያልቅም! ጆሴፍ ሱበርቢየል የተባለ ቀዶ ሐኪም ቀንዱን በተሳካ ሁኔታ አነሣላት። ማደንዘዣ ባልተፈለሰፈበት ዘመን፣ ከሰማንያ በላይ የሆነች አሮጊት ይህን ችላ ድናለች። የፊቷ የሰም ቅርጽ በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ውስጥ ባለው የሙተር ሙዚየም ይታያል። ሰውን አስፈርቶ መዳኗን መደበቅ ለአንባቢ ደግ ማሰብ አይደለም።

እርግማን ነው ለሚለው ረጅም መልስ መስጠት አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1588 ለንደን ውስጥ የዌልስ ተወላጅ የሆነች ቀንድ የበቀለባት ሴት እንደ ተአምር ለሕዝብ ትታይ፣ ስለእሷም በራሪ ጽሑፍ ይታተም ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1791፣ ኤቨራርድ ሆም የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እንዲህ ያሉ ቀንዶች ከቆዳ እብጠት እንደሚነሡ ጽፎ ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ሁሉንም ባያውቅም ዓይኑን ወደ ሥሩ አዙሯል። ጸሐፊው ከመጽሐፍ ቅዱስ የሙሴን ቀንድ በማስረጃነት ማቅረቡ ግን አሳዝኖኛል። ሙሴ ከሲና ተራራ ሲወርድ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ ፊቱ አንጸባረቀ ይላል። ቀንድ የሚለው የመጣው ከላቲኑ ትርጉም ነው፤ የዕብራይስጡ ቃል ከቀንድ ጋር አንድ ሥር ስላለው የላቲኑ ተርጓሚ ሄሮኒሞስ «ቀንድ አወጣ» ብሎ ተረጐመው፣ ማይክል አንጀሎም ሮም ውስጥ የሙሴን ሐውልት ከሁለት ቀንድ ጋር ቀረጸው። እርግማን የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ቀንድ በቅዱስ መጽሐፋችን የክብርና የኃይል ምሳሌ ነው፤ ሐናም በጸሎቷ ቀንዷ ከፍ ከፍ ማለቱን ትናገራለች። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያደርግ ያድርግ፤ ከሐኪም ጋር የሚያጣላ አይደለም። «ዘራቸው ተረግሟል» የሚለው ወሬ ግን ሰውን ሻሽ አልብሶ ቤት ያስቀምጠዋል፣ ከሠርግና ከለቅሶ ያስቀረዋል፣ ሥሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅም ዓመታት ያልፋሉ።

ስለ ጥንቸሉ ያነሣው ነገር ግን ከጽሑፉ ሁሉ የሚጠቅመው ክፍል ሊሆን ይችል ነበር፤ አበላሸው እንጂ። ቀንድ ያበቀለ ጥንቸል በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ሪቻርድ ሾፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በዱር ጥንቸሎች ላይ የበቀለውን ቀንድ መሰል እብጠት ፈጭቶ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው፤ የጠለለውን ፈሳሽ በጤነኛ ጥንቸሎች ቆዳ ላይ ሲያሸው እነርሱም አበቀሉ። መንስኤው ቫይረስ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ፔይተን ራውስ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ይህ እብጠት ወደ ካንሰር እንደሚለወጥ አሳየ። ቫይረሱ ጥንቸልን እንጂ ሰውን አይዝም፤ ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች እንዳይሰጉ።

የዚህ ቫይረስ የሰው ዘመዶች ግን አሉ፤ ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላሉ፣ ከ200 በላይ ዓይነት ናቸው። ከፊሎቹ ተራውን ኪንታሮት፣ አንዳንዴም ከላዩ የሚወጣውን ቀንድ ያመጣሉ። ሌሎቹ ደግሞ የማሕፀን በር ካንሰርን ያመጣሉ፤ ይህን ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የዚህን ቫይረስ ክትባት መስጠት ጀመረች። ያ የጥንቸል ቀንድ የከፈተው የምርምር መንገድ ወደ ልጆቻችን ክንድ ደርሷል። ይህን መጻፍ ሲቻል «ከጥንቸል ራቁ» ብሎ ማለፍ ያስቆጫል።

ስልኩን በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት 1,200 የራጅ ፎቶዎችን ተመልክቶ በራስ ቅል ኋላ፣ የአንገት ጅማት ከሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ ያለውን የአጥንት ጉብታ ለክቷል። በማግስቱ ዓመት ጋዜጦች «ስልክ ወጣቶችን ቀንድ አበቀለባቸው» ብለው አጮሁት። ጥናቱ ግን ሰዎቹ ስልክ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ አልለካም፤ ጥናቱን ያተመው መጽሔትም በዚያው ዓመት እርማት አውጥቷል። ከቆዳ ቀንድ ጋርም የሚያገናኘው ነገር የለም።

የጽሑፉን ባለቤት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሌላውን ሁሉ ይተወው፤ «በምላጭ ቆርጦ የቁልቋል ወተት መቀባት ይበቃል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ያንሣው። በቦታውም «ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ፤ ሲነሣም ከነሥሩ ተነሥቶ ለፓቶሎጂ መላኩን ጠይቁ» ብሎ ይጻፍ። ልዩ ሐኪም በቅርብ የሌለበት ቦታ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያስጽፍ። አዲስ አበባ ለሚመጣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

የእኅቴ ልጅ ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ ምላጩን ትቶ እናቱን ይዟቸው ሄዷል። ከነሥሩ ተነሥቶላቸዋል፣ ሦስት ስፌት ተሰፍተዋል፣ ብልቃጧም ወደ ላቦራቶሪ ተልካለች። ውጤቱ ገና አልደረሰም።